ከኮተቤ መንገድ በላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት ይባላል። የዕለቱ ወንጌል (ማቴ. 24) የሚጀምረው ደቀ መዛሙርቱ የመቅደሱን ሕንፃ ለጌታችን ሲያሳዩት፣ እርሱም ድንጋይ በድንጋይ ላይ የማይቀርበት ጊዜ እንደሚመጣ ሲነግራቸው ነው። እኛም ይህን ሰምተን ስንወጣ የምናስበው ኢየሩሳሌምን ብቻ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ከራሳችን በላይ ጣሪያ የሌለው መቅደስ እንዳለ ስንቶቻችን ልብ ብለናል?

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በየቀኑ የሚመላለሰው ሕዝብ ስፍር የለውም። ታክሲ ውስጥ አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ረፈደብኝ ብሎ ሰዓቱን። በስተግራ ያለው የየካ ተራራ ያው ባሕር ዛፍ ብቻ ይመስለናል። ዋሻ ሚካኤል ግን እዚያ ነው ያለው። በጥር 12 የየካ ሚካኤልን ታቦት በእልልታ የምናጅብ ብዙ ነን፤ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣው ግን ጥቂት ነው።

ስሙ ዋሻ ይባል እንጂ ተፈጥሮ የሠራው አይደለም፤ ከአለት የተፈለፈለ ነው። እንዲህ ባለው ሥራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይደረብም፤ አለቱ እየተቀነሰ ነው ቤት የሚወጣው። ግንበኛ እኮ የተበላሸውን ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል። ፈልፋዩ ግን ምሰሶ የሚሆነውን አስቀድሞ በልቡ ለይቶ ካልተወ፣ አንዴ የቆረጠውን መልሶ አይቀጥለውም። ያን ያህል የተጠነቀቁት አባቶች ስማቸው እንኳ አልደረሰንም።

ዘመኑን በተመለከተ የአካባቢው ትውፊት እስከ አብርሃና አጽብሐ ያደርሰዋል። የታሪክ አጥኚዎች ግን ወደ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያቀርቡታል። በዚህ መከራከሩ ለጾመኛ ብዙ አይጠቅምም። ዝቅተኛው እንኳ ቢወሰድ፣ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረችው ከተማችን በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

ጣሪያው ስለሌለ የክረምቱ ዝናብ በቀጥታ ይወርድበታል። አለቱን የሚበላው ግን ዝናብ ብቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ስምን በግድግዳው ላይ መጫር፣ ለበረከት ነው ብሎ መፈርፈር አይገባም። ፍርስራሽ ነው ብሎ በጫማ ዘው ማለትም እንዲሁ፤ ቅዳሴ ተቀድሶበታል፣ ሥጋውና ደሙ ተፈትቶበታል።

በዚህ ጾም ልትሳለሙት የምትሹ፣ ዳገቱ ጾመኛን ያደክማልና በቀትር አትውጡ። ማለዳ፣ ያውም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞች ጋር ቢሆን መልካም ነው። ከመንገዱ ስትጠይቁ «ዋሻ ሚካኤል» በሉ፤ የካ ሚካኤል ካላችሁ ታች ያለውን ያሳዩአችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።