ሜዳውን ማን ሄዶ አየው?

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ባንክ ብድር ክፍል ልቀጠር ነው። ባንክን የሚጥለው ከሃዲ ተበዳሪ ነው ይሉኛል።

ሽማግሌው፦ ከሃዲ መቼም አይጠፋም። እኔን የሚያሳስበኝ ብድሩን የፈረመው ነው። ጋምቤላ ውስጥ ወደ ኢታንግ ስትሄድ ያለው ሜዳ ክረምት ላይ ምን ይመስላል?

ወጣቱ፦ ውኃ ይተኛበታል።

ሽማግሌው፦ ካሩቱሪ የሚባለው የህንድ ኩባንያ በኢታንግና በጂካዎ 100 ሺህ ሄክታር ተከራየ፤ ኪራዩ ለሄክታር በዓመት 20 ብር! የባሮ ወንዝ ሞልቶ በቆሎውን በላበት። ውሉ በ2008 ሲሰረዝ መንግሥት «አለማ» ያለው 1,200 ሄክታር ብቻ ነበር። ከአገር ውስጥ ባለሀብቶች በርካቶች ደግሞ ከልማት ባንክ ተበድረው መጡ። ያኔ መንግሥት በጋምቤላ ሲያስጠና ከ600 በላይ ባለሀብቶች 630 ሺህ ሄክታር ገደማ ወስደዋል፤ የለማው 76 ሺህ ገደማ። አንዱ መሬት በሁለት ሰው ስም ወጥቶ የተገኘበትም አለ።

ወጣቱ፦ ካርታውን የሰጠው ባንኩ አይደለም እኮ።

ሽማግሌው፦ አይደለም፤ ካርታ ሰጪውም ይጠየቃል። ግን ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ወረቀቱን ይዞ መሬቱ ላይ ይቆማል። እዚያ ከብት የሚያግድ ልጅ እንኳ ውኃው የት እንደሚደርስ፣ ትናንት ማን ችካል እንደተከለ ይነግረው ነበር። ማን ጠየቀው?

ወጣቱ፦ ባንኩ ግን አልተዘጋም።

ሽማግሌው፦ የመንግሥት ስለሆነ ነዋ! በ2011 ከሰጠው ብድር ከመቶ 40 ያህሉ ተበላሽቶ ነበር፤ የጋምቤላው ብቻ አይደለም፣ የፋብሪካውም አለበት። ኋላ መንግሥት 21 ቢሊዮን ብር ያህል ካፒታል ጨመረለት። ከ2003 እስከ 2012 ደግሞ የግል ባንኮች ካበደሩት 27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ከዚያ ገንዘብ ብዙው ወደ ልማት ባንክ ሄዷል። እናትህ ገበያ ሸጣ ባንክ ያስቀመጠችው ሳይቀር።

ወጣቱ፦ ሳናውቀው አበዳሪ ነበርን በሉኛ።

ሽማግሌው፦ ማን ጠየቀን!

ወጣቱ፦ አለቃዬ «ከላይ ታዟል፣ ፈርም» ቢለኝስ?

ሽማግሌው፦ «በጽሑፍ ይስጡኝ» በለው። አብዛኛው አለቃ እዚያ ላይ ዝም ይላል። ከጻፈልህም አስተያየትህን ፋይሉ ውስጥ አስገባ። እንጀራህን ሊያሳጣህ ይችላል፤ አልዋሽህም።

ወጣቱ፦ የመጀመሪያው ፋይል የእርሻ ከሆነስ?

ሽማግሌው፦ ቦት ጫማ ግዛ። በነሐሴ ሂድ።