ፊት በማይታይበት ውይይት መቀራረብ

ወደ ቤተ መጻሕፍት የገባን ተማሪ የባለሙያው ፈገግታ ይቀበለዋል። ጥያቄው ከጃጁራ ወደ ሆሳዕና በኢንተርኔት የጽሑፍ ውይይት ማለትም በቻት ቢላክስ? የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ማሪ ራድፎርድ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ ውይይቶችን መርምረው፣ ከመረጃው ሌላ የሁለቱ ወገኖች መግባባትም ወሳኝ መሆኑን አሳይተዋል።

በአማርኛ ችግሩ ከመጀመሪያው ግሥ ይነሣል፤ የጠያቂው ጾታና ዕድሜ አይታወቅምና። «እርስዎ» ሁሉን ያከብራል፤ ሆኖም ሊያራርቅ ይችላል። ስለዚህ ስለ ብርሃን ስብረት መጽሐፍ ለጠየቀ ተማሪ ዝም ብሎ ፍለጋ ከመጀመር፣ «ለስንተኛ ክፍል ነው? እየፈለግሁልዎ ነውና ጥቂት ይታገሡኝ» ማለትን እንመርጣለን። ፊት በማይታይበት ዝምታ እምቢታ ይመስላል፤ እምቢ የተባለ የመሰለው ተማሪም ዳግመኛ ላይጠይቅ ይችላል።