ናዳል፣ ፌደረርና የደጋ አየር

ጥያቄ፦ ፌደረርን የሚያህል ተጫዋች በሸክላ ሜዳ ናዳል ፊት ለምን ይቸገር ነበር? እኛስ መካነ ሰላም ላይ እንዲህ ያለ ሜዳ ብንሠራ ጨዋታው ያው ይሆናል?

መልስ፦ ሁለቱ 40 ጊዜ ተገናኝተው ናዳል 24ቱን አሸንፏል። የሸክላው ለብቻው ሲታይ ግን 14 ለ2 ነው፤ ፓሪስ ላይማ ፌደረር 6 ጊዜ ገጥሞት አንዴም አልቀናው። ሸክላ የኳሷን ፍጥነት ይሰብርና ከፍ አድርጎ ያነጥራታል። ግራኙ ናዳል በኃይል አሽከርክሮ የሚልካት ኳስ ፌደረር ባክሃንድ ጋ ስትደርስ ትከሻው ላይ ነች፤ እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ እጅ መምታት አበሳ ነው።

ፌደረር ሸክላ ላይ የረታው በ2007 ሀምቡርግ፣ በ2009 ማድሪድ (እ.ኤ.አ.) ነው። ለእርስዎ የሚጠቅመው የማድሪዱ ነው። ከተማዋ 650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየር ሲሳሳ ኳስ ትፈጥናለች፣ ሽክርክሪቱም ቶሎ ወደ መሬት አይጎትታትም። (በዋዜማው ናዳል ከጆኮቪች ጋር ከ4 ሰዓት በላይ መፋለሙንም አልዘነጋሁም።)

መካነ ሰላም ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ሸክላው ያዘገየውን ከፍታው መልሶ ያፈጥነዋል፤ ስለዚህ ከናዳል ይልቅ ፌደረርን የሚመስል ተጫዋች ይመቸዋል ባይ ነኝ። ሜዳውን በዋልካ አፈር እንዳትሠሩት፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ጫማ ይዞ ይቀራል። የፓሪሱ ቀይ ሽፋን የተፈጨ ጡብ ነው፣ ያውም በጣም ስስ። ኳስ ስትገዙም ለከፍተኛ ቦታ የተሠራውን ጠይቁ፤ የዓለም አቀፉ ቴኒስ ደንብ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። ተራው ኳስ እናንተ ጋ ከልክ በላይ ይነጥራል።