የተሰፋ ሸክላ፦ የ«ቢችስ ብሩ» አልበም እና የጃዝ አፍቃሪዎች ምላሽ

ዘውጎችን የሚቀላቅል አዲስ አልበም ሲወጣ አፍቃሪዎች ለሁለት ይከፈላሉ የሚለው አባባል በሙዚቃ ታሪክ ጽሑፎች ውስጥ ማስረጃ የማያሻው እውነት ሆኖ ይቀርባል። ነባሮቹ «ተከዳን» ይላሉ፤ አዲሶቹ ያጨበጭባሉ፤ ጊዜ ለአዲሶቹ ይፈርዳል። ይህ አተራረክ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ የሚያብራራው ግን ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የማይልስ ዴቪስን «ቢችስ ብሩ» አልበም እንደ ማሳያ በመውሰድ፣ በአድማጮቹ መካከል የተፈጠረው ልዩነት በዋነኛነት የትውልድ ልዩነት እንዳልነበረ ለማሳየት እሞክራለሁ። ልዩነቱ «ሸክላ ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ የመነጨ ነበር። (ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አልበሙ ከኦገስት 19 እስከ 21 ቀን 1969 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ኩባንያ ስቱዲዮ ተቀርጾ በማርች 1970 ለገበያ ቀረበ። ቀረጻው የተጀመረው የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል በተጠናቀቀ ማግስት ነው። በሁለት ሸክላ የተከፈሉት ስድስት ሥራዎች በድምሩ 94 ደቂቃ ያህል ይወስዳሉ። በአንድ ሥራ ላይ ሁለት ድራመሮች፣ ሁለት ወይም ሦስት ኤሌክትሪክ ፒያኖዎች፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኤሌክትሪክና አኩስቲክ ቤዝ እንዲሁም ቤዝ ክላርኔት ይሰማሉ። ምቱ ለሮክና ለፈንክ የቀረበ ነው፤ ከድምፅ ማዕከል ወደ ድምፅ ማዕከል የሚደረገው ጉዞ ደግሞ እጅግ ዝግተኛ ነው። በሽፋኑ ላይ ሥራው የማይልስ ዴቪስ የሙዚቃ አቅጣጫ ተብሎ ተገልጿል። «ፕሮግሬሲቭ ጃዝ» የሚለው ስያሜ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ ስታን ኬንተን በ1940ዎቹ መጨረሻ ኦርኬስትራውን በዚሁ ስም ይጠራው ነበር። ስለሆነም አፍቃሪውን ያስደነገጠው «ተራማጅ» መባል ነው ለማለት ያስቸግራል።

በቅድሚያ የትውልድ ትንታኔውን እንመርምር። ለአልበሙ የሽፋን ጽሑፍ በማዘጋጀት አዲሱን ድምፅ በጋለ ስሜት ያስተዋወቀው ራልፍ ግሊሰን በ1917 የተወለደ አንጋፋ የጃዝ ሐያሲ ነበር። (ግሊሰን ጽሑፉን ሥርዓተ ነጥብ በመቆጠብና ትልልቅ ፊደላትን በመተው ነው የጻፈው፤ ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል ለሌለን ለእኛ ይህ ዐመፅ እምብዛም አይታየንም።) በአንጻሩ በ1990 «ዘ ኒው ሪፐብሊክ» መጽሔት ላይ ማይልስን ለገበያ ራሱን የሸጠ አርቲስት አድርጎ በብርቱ የነቀፈው ስታንሊ ክራውች አልበሙ ሲወጣ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር። እንደ ተለመደው አተራረክ ከሆነ ሁለቱ ቦታ መለዋወጥ ነበረባቸው። ከዚህም በላይ የጃዝ አፍቃሪው ዋነኛ መድረክ የነበረው «ዳውን ቢት» መጽሔት በ1970 ባካሄደው የአንባቢያን ምርጫ የዓመቱ የጃዝ አልበም ሆኖ የተመረጠው ይኸው «ቢችስ ብሩ» ነው። መራጮቹ የሮክ አድማጮች አልነበሩም፤ ከዳተኛ ተባለ በሚባለው አርቲስት «ተከዱ» የሚባሉት አፍቃሪዎች ራሳቸው ነበሩ።

በክራውች ጉዳይ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጽሑፉ አልበሙ ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ የተጻፈ በመሆኑ ስለ 1970 አድማጭ ከሚነግረን ይልቅ ስለ 1980ዎቹ ወደ አኩስቲክ ጃዝ የመመለስ እንቅስቃሴ የሚነግረን ይበልጣል። ክራውች ራሱ በ1970ዎቹ ከተለመደው ወጣ ያለ ጃዝ የሚጫወት ድራመር ነበር። ዘግይቶ የመጣን ምስክርነት ወደ ኋላ ወስዶ እንደ መጀመሪያ ምላሽ መቁጠር በዚህ ዘርፍ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ይመስለኛል። «አፍቃሪው ተከፈለ» የሚለው ትረካ ጉልበቱን ያገኘውም ከዚሁ ነው።

ታዲያ በጊዜው ቅር የተሰኙት አድማጮች ምን ነበር ያስቀየማቸው? የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹ ናቸው የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም፤ ማይልስ ከ1968 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ፒያኖ ተጠቅሟልና። የገበያው ጉዳይ አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ብዙም ትኩረት ያልተሰጠው ግን የቴፕ ቆረጣው ነው።

ፕሮዲዩሰሩ ቴኦ ማሴሮ የሦስቱን ቀናት ቀረጻ እንደ ጥሬ ዕቃ ቆጥሮ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠ መልሶ ገጠመው። «ፌሮስ ዳንስ» የተባለው 20 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ብቻ 19 ያህል ስፌቶች እንዳሉት በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች አሳይተዋል፤ አንዳንድ ቁራጮችም ተባዝተው ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ገብተዋል። በመጠሪያ ሥራው መግቢያ ላይ የትራምፔቱ ድምፅ እንደ ገደል ማሚቶ እየተደጋገመ የሚሰማውም በስቱዲዮ መሣሪያ አማካይነት ነው። ማሴሮ የሙዚቃ ደራሲም ስለነበር ምላጩ የአንድ ደራሲ ብዕር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ወደ 1959 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ሽፋን ላይ ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ የጃዝ ፈጠራን፣ ብሩሹን ካነሣ ወረቀቱ ከሚበጠስበትና ስሕተቱን ማረም ከማይችልበት የጃፓን የቀለም ሥዕል ጋር አነጻጽሮታል። ይህ የሽፋን ጽሑፍ አንድን የአድማጭ ትውልድ አስተምሯል፦ የጃዝ ሸክላ የአንድ ቅጽበት ምስክር ነው፤ የምትሰማው የሆነውን ነው። ያው አርቲስትና ያው ኩባንያ ከ10 ዓመት በኋላ ያቀረቡት ሸክላ በዚያ መልክ ሆኖ የማያውቅ ነገር ነበር። ስሜቱን በቅርባችን ለማየት አዝማሪ ቤትን ማሰብ ይቻላል። «ተቀበል» ብሎ ስንኝ የሰጠ እንግዳ፣ አዝማሪው የሚመልስለት ግጥም እዚያው ለእሱ የተወለደ መሆኑን ያምናል፤ ደስታው ግማሹ ከዚህ እምነት የሚመጣ ነው። ያው ግጥም ከማታው በፊት ተቀነባብሮ መቀመጡን ቢያውቅ ግጥሙ አይከፋም፤ እምነቱ ግን ይነካል።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የስፌቶቹ ዝርዝር በሰፊው የታወቀው ሙሉ ቀረጻዎቹን የያዘው ስብስብ በ1998 ከታተመ በኋላ ነው፤ የ1970 አድማጭ ያላወቀውን እንዴት ይቃወማል? መልሱ ያለው በቅሬታዎቹ ይዘት ውስጥ ይመስለኛል። ደጋግሞ የሚሰማው ቅሬታ ሙዚቃው መነሻና መድረሻ የለውም፣ ዜማው ቀርቦ ሶሎዎች ተከትለው ወደ ዜማው የሚመለስበት ሥርዓት ጠፍቷል፣ ተጫዋቹን ተከትሎ መሄድ አይቻልም የሚል ነበር። ይህ ቴፕ ሲቆረጥና ሲባዛ የሚፈጠረው ውጤት ነው። አድማጩ ምላጩን ባያይም የስፌቱን መስመር በጆሮው ዳስሶታል ማለት ነው። በሌላ በኩል ከ1967ቱ የቢትልስ «ሰርጀንት ፔፐር» ወዲህ ስቱዲዮን እንደ መሣሪያ መቁጠር ለለመደው የሮክ አድማጭ እንዲህ ያለው ሥራ የሚነካበት እምነት አልነበረውም። ሁለቱ ወገኖች አንድ ሸክላ ይስሙ እንጂ ሸክላው የገባላቸው ቃል አንድ አልነበረም።

በመድረክ የታየው ምላሽም ይህንኑ ያጠናክራል። ማይልስ በማርች 1970 ኒው ዮርክ በሚገኘው ፊልሞር ኢስት ከኒል ያንግና ከስቲቭ ሚለር ባንድ ጋር፣ በኤፕሪል ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ፊልሞር ዌስት ከግሬትፉል ዴድ ጋር ቀርቧል። መድረክ ላይ ምላጭ የለም፤ ቅልቅሉ እዚያው ሲፈጠር ይታያል። የግሬትፉል ዴድ ቤዝ ተጫዋች ፊል ሌሽ ከማይልስ ቀጥሎ መድረክ ላይ መውጣት ምን ያህል እንዳስጨነቀው በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። በዚያው ዓመት በኦገስት በእንግሊዝ ዋይት ደሴት በተካሄደው ፌስቲቫል የማይልስ ባንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ተጫውቷል፤ ከዚህ ሕዝብ ስንቱ አፍቃሪ፣ ስንቱ መንገደኛ ነበር የሚለውን መለየት ለማንኛውም የተቀባይነት ጥናት ፈተና ነው።

ቁጥሮቹ የታወቁ ናቸው። አልበሙ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 35ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በ1971 የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ በ1976 የወርቅ፣ በ2003 የፕላቲነም ደረጃ ተሰጠው። ለገበያ የተሠራ ነው የሚሉ ይህንን ይጠቅሳሉ። ይሁንና አንድ ሥራው 27 ደቂቃ የሚወስድ፣ ሬዲዮ ሳይቆርጠው የማያጫውተው አልበም ለገበያ ተሠራ ማለት ገበያውን አለማወቅ ነው።

ከክሱ በስተጀርባ ግን ከባድ ጥያቄ አለ፤ ማይልስ የፈለገው የትኛውን አድማጭ ነበር? በ1989 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ወደ ወጣት ጥቁር አድማጮች ለመድረስ ያለውን ፍላጎት በግልጽ ያስቀምጣል፤ በፊልሞር አዳራሾች የተቀበሉት ግን በአብዛኛው ነጭ ወጣቶች ነበሩ። በ1972 ያወጣው «ኦን ዘ ኮርነር» አልበም ለእነዚያ ለቀሩት ጥቁር ወጣቶች የታለመ ነበር፤ የጃዝ ሐያስያን ግን አልተቀበሉትም። እንግዲህ ነባሩ አፍቃሪ ስለ መከዳቱ ሲከራከር፣ አርቲስቱ የሚፈልገው አድማጭ በክርክሩ ውስጥ አልተሰየመም። «አፍቃሪዎች ለሁለት ተከፈሉ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ይህን ሦስተኛ ወገን ፈጽሞ ይሰርዘዋል።

ይህ ለኢትዮ ጃዝ አጥኚዎችም የሚጠቅም ይመስለኛል። በ1972 የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በኒው ዮርክ ሲወጣ፣ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ አምሃ ሬኮርድስ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ሥራዎችን በአልበም አሳትሟል። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ የሚነካው እምነት የቅጽበት አይደለም፤ የቅኝት ነው። አምስት ድምፆች ያሉት ቅኝት በአሥራ ሁለት ድምፅ ሥርዓት ሲታጀብ ትዝታው ትዝታ፣ አምባሰሉ አምባሰል ሆኖ ይቀራል ወይ? ሙላቱም የቅኝቶቹ ጠባይ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ እንደሚገባ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች አንሥተዋል። የዚያ ዘመን አድማጮች ዛሬ በስድሳዎቹና በሰባዎቹ ዕድሜ ይገኛሉ። ሊጠየቁ የሚገባውም «ወደዳችሁት ወይስ ጠላችሁት?» ተብሎ ሳይሆን፣ ሸክላው ሲዞር የትኛውን ቅኝት እንደሰሙና የት ላይ እንደጠፋባቸው ነው።