የተማሪዎች የመሪነት ትምህርት በትምህርት ቤቶቻችን

በቤተ ክርስቲያናችን ሥር በሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን የክበባትና የተማሪዎች ኮሚቴ ሥራ አለ። ይህን ሥራ እንዲከታተሉ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በመሆናቸው፣ በዚህ እትም ስለ ጉዳዩ ጥቂት ልንል ወደድን።

በመጀመሪያ ከልማዱ እንነሣ። የክፍል አለቃ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ መምህሩ የመረጠው፣ በፈተና አንደኛ የሚወጣ ልጅ ነው። ሥራውም መምህሩ እስኪገባ ድረስ የሚረብሹትን ስም በሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ልጁ ከዚህ የሚማረው ሥልጣን ማለት የባልንጀራን ስም ለበላይ ማቀበል መሆኑን ነው፤ ስማቸው የተጻፈባቸው ደግሞ ቂም መያዝን ይማራሉ። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ደቀ መዛሙርቱን ከአሕዛብ ገዢዎች አካሄድ ሲከለክል አለቃን ከአገልጋይ ለይቶ አላየም። እኛ ግን በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ላይ ያንኑ የአሕዛብ አለቅነት ስንጭን እንታያለን።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ረገድ ሁለት ግሩም ትምህርቶች ይሰጠናል። የመጀመሪያው በዘፀአት ምዕራፍ 18 ያለው የዮቶር ምክር ነው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ተመልክቶ እርሱም ሕዝቡም እንደሚደክሙ ነገረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችንም እንዲሾም መከረው። (በአንዳንድ ስፍራ የማኅበር ኃላፊ «ሙሴ» መባሉን አንባብያን ያስታውሳሉ፤ ዮቶርን ግን የሚያስታውስ ማኅበር እምብዛም አላየንም።) ሁለተኛው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይገኛል። የግሪክኛ ተናጋሪዎቹ መበለቶች በዕለቱ እርዳታ በተዘነጉ ጊዜ፣ ሐዋርያት ራሳቸው ሰው አልመረጡም፤ ማኅበረ ምእመናኑ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑን ልብ እንበል። ጉባኤው ምርጫውን ቅሬታ ላቀረበው ወገን አደላ። ተማሪዎች ከምርጫ በፊት ይህን ምዕራፍ አንብበው ቢወያዩበት፣ ስለ ድምፅ አሰጣጥ ከሚሰጣቸው ማናቸውም ገለጻ የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ስለ አሠራሩ ዘዴ ደግሞ ከቤልጅየማዊው ካህን ከዮሴፍ ካርዳይን የምንማረው አለ። ካርዳይን ለክህነት ሲማሩ፣ በልጅነታቸው ወደ ፋብሪካ የገቡ የሰፈር ጓደኞቻቸው ከእርሳቸውም ከቤተ ክርስቲያንም መራቃቸውን አዩ። እ.ኤ.አ. በ1925 የክርስቲያን ወጣት ሠራተኞችን ማኅበር መሠረቱ፤ በ1965 ካርዲናል ሆነው በ1967 ዐረፉ። ዘዴያቸው «ማየት፣ መመዘን፣ ማድረግ» የሚባለው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1961 «እናትና መምህር» በተባለው መልእክታቸው ይህንኑ ዘዴ ለወጣቶች ትምህርት አጽድቀውታል።

ለምሳሌ አርፍደው የሚመጡ ተማሪዎች ጉዳይ ይነሣ እንበል። በልማዱ ኮሚቴው በር ላይ ቆሞ ስም ይመዘግባል። በዚህ ዘዴ ግን በመጀመሪያ ማየት ነው፤ እነማን ያረፍዳሉ? በየትኛው ቀን? ከየት ይመጣሉ? ምናልባት አብዛኞቹ ጠዋት ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ልጆች ሆነው ይገኙ ይሆናል። ቀጥሎ ነገሩን በወንጌል መመዘን ነው፤ በሩ ሲዘጋ የሚቀጣው ማን ነው? ሦስተኛው፣ ተማሪዎች በአቅማቸው ሊያደርጉት የሚችሉትን አንድ ነገር መወሰን ነው። ያመለጣትን ትምህርት የሚያስጠናት ጓደኛ መመደብ ወይም ለርእሰ መምህሩ አቤቱታ ማቅረብ ሊሆን ይችላል። ማየቱ ቢቻል ሁለት ሳምንት ይውሰድ፤ መምህራን የምንቸኩለው እዚህ ላይ ነውና።

ዋናው ፈተና ከዚህ በኋላ ይመጣል። ልጆቹ በእውነት ካዩ፣ ጥፋቱን በእኛው ደንብ ውስጥ ሊያገኙት ይችላሉ። ያን ጊዜ ርእሰ መምህሩ «ይህ የእናንተ ጉዳይ አይደለም» ካላቸው ዓመቱን ሙሉ የተማሩት ሁሉ ይፈርሳል፤ ዳግመኛም ደፍረው አይናገሩም። ስለዚህ ካቴኪስቱ ክበቡን ከመክፈቱ በፊት ከርእሰ መምህሩና ከቆሞሱ ጋር ተነጋግሮ፣ ተማሪዎች የሚወስኑት ምን እንደሆነ፣ ሐሳብ ብቻ የሚያቀርቡበትም ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይለይ። ለይስሙላ ከሚቋቋም ኮሚቴ ይልቅ ባይኖር እንመርጣለን።

የቀረው ሥራ ልጆቹ ከቤታቸው የሚያውቁት ነው። ዕድርና ዕቁብ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ እንዳላቸው ያውቃሉ። ቃለ ጉባኤ በየስብሰባው ይጻፍ፤ በሚቀጥለውም ይነበብ። የመዋጮ ገንዘብ፣ አሥር ብር እንኳ ቢሆን፣ ሁለት ተማሪዎች ቈጥረው ይፈርሙበት እንጂ በመምህሩ ኪስ አይቀመጥ። ጸሐፊነት ሁልጊዜ ለሴት ልጅ፣ ሰብሳቢነት ሁልጊዜ ለወንድ እንዳይሆን መምህሩ ይጠንቀቅ። ሰብሳቢው በዓመቱ አጋማሽ ይለወጥ፤ የወረደውም መዝገቡን ለተተኪው በጉባኤው ፊት አስረክቦ ቀጣዮቹን ሁለት ስብሰባዎች ከጎኑ ሆኖ ይርዳው።