ርዕሰ አንቀጽና ዜና፦ ከክራውፎርድ ጋዜጣ የምንማረው

«ይሄ ጋዜጣ ለእነሱ ያደላል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ብለንም እናውቃለን። «የቱ ዜና? የትኛው ዓረፍተ ነገር?» ተብለን ስንጠየቅ ግን አብዛኞቻችን ጣታችንን የምናሳርፍበት ቦታ እናጣለን። በዚህ አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ጋዜጣ በኩል ለማየት እሞክራለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ክራውፎርድ በቴክሳስ ግዛት በዌኮ አቅራቢያ የምትገኝ ሲሆን በ2000 የሕዝብ ቆጠራ 705 ነዋሪዎች ነበሯት። ስሟ የገነነው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ አካባቢው ላይ የእርባታ ቦታ ስለገዙ ነው። «ሎን ስታር አይኮኖክላስት» የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣም የዚያችው ከተማ ነበር። ስያሜውን የወሰደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዌኮ ይታተም ከነበረ ኅትመት ነው፤ የዚያኛው አዘጋጅ ዊልያም ብራን በ1898 ጽሑፉ ባናደደው ሰው ተተኩሶበት ነው የሞተው። እንዲህ ያለ ስም መውረስ ድፍረት ይጠይቃል!

ጋዜጣው በ2000 ምርጫ ቡሽን ደግፎ ነበር። በሴፕቴምበር 2004 ግን የኢራቅን ጦርነትና የበጀት ጉድለትን ጨምሮ በርካታ ምክንያቶችን ዘርዝሮ በርዕሰ አንቀጹ ተቀናቃኛቸውን ጆን ኬሪን ደገፈ። ከዚያማ ደንበኞች ኮንትራታቸውን ሰረዙ፣ ማስታወቂያ የሚሰጡ ነጋዴዎች ሸሹ፣ ጋዜጣውን አንሸጥም ያሉ ሱቆችም ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንባቢዎቹን ያስቆጣው ርዕሰ አንቀጽ እንጂ ዜና አይደለም። ርዕሰ አንቀጽ ደግሞ አቋም የሚያዝበት ቦታ ነው፤ በመጀመሪያ ዓመት ተምረነዋል። ችግሩ አንባቢው ይህን ኮርስ አልወሰደም። በትልቅ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጹን የሚጽፈውና ዜና የሚሠራው ሰው ይለያያል። በትንሽ ከተማ ግን እነዚያው ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው ሁሉንም የሚሠሩት። ነሐሴ 2005 ልጇን በኢራቅ ያጣችው ሲንዲ ሺሃን በቡሽ ቤት አቅራቢያ ስትሰፍር ጋዜጣው በሰፊው ዘገበው። በ«ቅርበት» መስፈርት ከዚህ የበለጠ ዜና ከየት ይመጣል? አስቀድሞ ለፈረደ አንባቢ ግን ይሄም ማስረጃ ይሆናል።

ቫሎን፣ ሮስና ሌፐር የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ1985 ያሳተሙት ጥናት ይህን ያጠናክራል። በ1982 ቤይሩት ውስጥ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የተላለፉ የቴሌቪዥን ዜናዎችን እስራኤልን ለሚደግፉና ዓረቦችን ለሚደግፉ ተማሪዎች አሳዩ። ዜናው አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም ወገኖች ግን «በእኛ ላይ ያደላ ነው» አሉ።

ይህን ጥናት ሳነብ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። ባለፈው ሴሚስተር ስለ ተማሪዎች መማክርት ምርጫ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ዜና ሠርቼ የሁለቱም ተወዳዳሪዎች ደጋፊዎች ተቆጡኝ። «ሁለቱም ከተቆጡ ሚዛናዊ ነኝ ማለት ነው» ብዬ ተጽናናሁ። መስመር ቆጠርኩ፤ ለእያንዳንዳቸው 11 መስመር። ታዲያ ምን ቀረ?

አንድ የዶርም ጓደኛዬ ወረቀቱን ተቀብሎኝ ግሦቹን ብቻ አሰመረባቸው። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ «አስረድቷል»፣ «ገልጿል»፣ «አረጋግጧል»። ሁለተኛው «ለማስረዳት ሞክሯል»፣ «ይላል»፣ «ባይ ነው»። የመጀመሪያውን የመረጥኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ስጽፍ ግን አንዱንም ግሥ ሆን ብዬ አላስገባሁትም፤ ምዬ መናገር እችላለሁ። በማግስቱ ስድስቱንም ግሦች «ብሏል» አድርጌ ዜናውን እንደገና ለጠፍኩት፤ ምርጫው ግን አልቆ ነበር።