ስለ ኤሌክትሪክ የአእምሮ ሕክምና ምን ማወቅ ይገባናል?

«ኤሌክትሪክ» ሲባል ብዙዎቻችን ቅጣት ይመስለናል። ነገር ግን እህል ውሃ እምቢ ያለን ከባድ የድብርት ሕመምተኛ፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስብን፣ ወይም ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ ደርቆ የቀረን ሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል።

ሕክምናው እ.ኤ.አ. በ1938 ሮም ውስጥ በኡጎ ቼርሌቲና በሉቺዮ ቢኒ ተጀመረ። ያኔ ያለ ማደንዘዣ ይሰጥ ስለነበር፣ በመንቀጥቀጡ አጥንት የሚሰበርበት ጊዜ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ይህ አሠራር እንዲቆም አሳስቧል።

በሚገባ የተደራጀ አገልግሎት የሚከተሉትን ያሟላል፦

1. የአእምሮ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ባለሙያና ነርስ አብረው ይገኛሉ።
2. ማደንዘዣ፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት፣ ኦክስጅንና ሕመምተኛው እስኪነቃ የሚጠበቅበት ክፍል አለ።
3. ሕመምተኛው ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ አይቀምስም፤ ደንዝዞ ሳለ ቢያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና።
4. ብዙውን ጊዜ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይሰጣል።
5. ሕክምናው ሲያበቃ ሕመሙ እንዳያገረሽ መድኃኒት ይቀጥላል።

ጉዳትም አለው። ራስ ምታት፣ ለጥቂት ጊዜ ግራ መጋባትና መርሳት ይከተላሉ። መርሳቱ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻላል፤ አንዳንድ ትዝታ ግን ላይመለስ ይችላል።

ስለዚህ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ፦ ማደንዘዣ አለ? ስንት ጊዜ ይሰጣል? ሌላ አማራጭስ? በቋንቋችን የሚያስረዳን አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችን ነው። ሳይገባን አንፈርም፤ ሳንጠይቅም አንሽሽ።